ፀጉረ ልውጥ

ከጋይንት፣ ከሲማዳና ከእስቴ ሹሩባ እስከ ከተማው ፀጉር ማለስለሻ፤ የውበት ሚዛን ሲመረመር

የአማርኛ ቋንቋ ባዳውን ሰው የሚጠራው በፀጉሩ ነው። ከመንደሩ ያልተወለደውን፣ አመጣጡ የማይታወቀውን፣ ገበያ መኻል ቆሞ የሰውን ዓይን የሚስበውን እንግዳ አገሬው «ፀጉረ ልውጥ» ይለዋል። ቋንቋው «መልከ ልውጥ» ወይም «ልብሰ ልውጥ» ሊል ይችል ነበር፤ ነገር ግን የመረጠው ፀጉርን ነው። ፀጉር የሰውን ዕድሜ፣ ማዕርግ፣ ደስታና ሐዘን ከሩቅ የሚያስታውቅ ምልክት ሆኖ ለዘመናት በኖረበት አገር፣ ባዳነትም በፀጉር መታወቁ የሚያስገርም አይሆንም።

ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይታያል። ፀጉረ ልውጥ የሚባለው ከሩቅ የመጣው እንግዳ መሆኑ ቀርቶ፣ በገዛ ፀጉሩ ያፈረው የአገሩ ልጅ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከገጠር ወጥታ ከተማ የገባች ወጣት በመጀመሪያው ወር ከምትማራቸው ነገሮች አንዱ፣ እናቷ በቅቤ አርሳ የሠራችላት ሹሩባ የኋላ ቀርነት ምልክት እንደሆነ ነው። ይህን ያስተማራት ማን ነው? ማለስለሻውን የሚሸጠው ነጋዴ ብቻ ነውን? ከውጭ የሚመጣው ፊልም ብቻ ነውን? ወይስ ዘፈኑ፣ ልብ ወለዱ፣ ሥዕሉና መድረኩ በየፊናቸው ተባብረዋል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው የማጌጥ ብቻ ጉዳይ ተደርጎ የሚታይ ከሆነ ስሕተቱ ከዚያ ይጀምራል፤ በመሠረቱ የማንነትና የክብር፣ እንዲሁም የጤና ጉዳይ ነውና።

በራስ ላይ የተጻፈ ቋንቋ

ከጉና ተራራ በስተምሥራቅና በስተደቡብ፣ ከነፋስ መውጫ ደጋ እስከ አባይና እስከ በሽሎ ሸለቆ የሚዘረጋው የጋይንት፣ የሲማዳና የእስቴ ምድር በሊቃውንቱ የታወቀ አገር ነው። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም የምትገኘው በጋይንት ነው። ይህ ሕዝብ ዜማን በምልክት ጽፎ እንዳቆየ ሁሉ፣ ማኅበራዊ ኑሮውንም በፀጉር ጽፎ አቆይቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጥንታዊው ሥርዓት ሲመረመር፣ ሕፃኑ ልጅ ራሱን ተላጭቶ ከአናቱ ላይ ቁንጮ ይቀርለት ነበር። ልጁ ቢሞት መልአኩ በቁንጮው ይዞ ወደ ሰማይ ያወጣዋል የሚል እምነትም ይነገራል። ልጃገረዷ መኻል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን በማስቀረት ሳዱላ ትሆናለች፤ ያየ ሁሉ ባል ያላገባች መሆኗን ሳይጠይቅ ያውቃል። ስታገባ የተላጨው አናቷ እንዲያድግ ይተዋል፤ ሲደርስም ሹሩባ ትሠራለች። ባሏ ወይም የቅርብ ዘመዷ ሲሞት ፀጉሯን ትላጫለች፤ ሐዘኗን የሚያበስረው ከጥቁር ልብሷ በፊት ራሷ ነው። ጦረኛው በበኩሉ ጎፈሬውን ያሳድጋል። ጎፈሬ የሚለው ቃል ከአንበሳው ጎፈር ጋር ዘመዳም መሆኑን ልብ ይሏል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል ከፋሺስት ጋር የተዋደቁት አርበኞች በፎቶግራፍ የሚታዩት ጎፈሬያቸው እንደ ዘውድ ከብቦአቸው ነው። መነኩሴው በቆቡ፣ ባሕታዊው ሳያበጥር በተወው ረጅም ፀጉሩ ይለያል።

እንግዲህ አንድ ፀጉር አስተዳደግ ያስረዳል፤ ማጨትን፣ ማግባትን፣ መፎከርን፣ ማልቀስን፣ መመነንን ይናገራል። ይህን ያህል የሚናገር ነገር ለኪነ ጥበብ ሰው የተዘጋጀ ሀብት መሆኑ አያጠያይቅም። ሆኖም ከዚህ ሀብት በአማርኛ ልብ ወለድና ተውኔት ውስጥ የገባው እጅግ ጥቂት ነው። ደራሲው ባለታሪኳን ሲያስተዋውቅ ስለ ዓይኗ፣ ስለ አንገቷና ስለ ጥርሷ ብዙ ይላል፤ ፀጉሯ ላይ ሲደርስ ግን «ረጅም» ወይም «ሐር የመሰለ» ብሎ ያልፋል። ሳዱላ ናት ወይስ ሹሩባ? ማን ሠራላት? ለማን በዓል? ከሠርግ በፊት ወይስ ከለቅሶ በኋላ? አንዱ ጥያቄ ቢመለስ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሚተካ መረጃ በሁለት መስመር ይገኝ ነበር።

ሹሩባ የመሥራቱ ሥራ ራሱ የድራማ መድረክ ነው። የምትሠራላት ሴት ከፍ ብላ ትቀመጣለች፤ የሚሠራላት ከጉልበቷ ሥር ራሷን ትሰጣለች። ፀጉሩ በሚዶ ይበጠራል፤ መሥመሩ በወስፌ ጫፍ ይከፈላል፤ ጣቶች ከግንባር ተነሥተው እስከ ማጅራት ይጎነጉናሉ። ሥራው ሰዓታት ይፈጃል። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ የመንደሩ ወሬ ይወራል፤ ያልተነገረ ብሶት ይነገራል፤ ልጅ ለማን እንደሚዳር ይመከራል፤ የምትሠራውና የሚሠራላት ፊት ለፊት ስለማይተያዩ በዓይን የማይነገረው ሁሉ በጣት ይነገራል። ቁም ነገሩ አንዲት ሴት የራሷን ሹሩባ በራሷ እጅ አሳምራ ልትሠራ አለመቻሏ ነው። ውበቷ የግድ የሌላ ሴት እጅ ይፈልጋል፤ ነገም እጇን ታበድራለች። እንዲህ ያለው ውበት በብድር የቆመ የጋራ ሥራ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ለቀሚስ ብቻ እንዳልሆነ፣ በከተራ ዋዜማ በየደጁ ጥላ ሥር የሚታዩት ሹሩባ ሠሪዎች ይመሰክራሉ። በዚያው በሰሜን ምሥራቁ ጎረቤት በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ በነሐሴ ወር ሲከበር፣ ልጃገረዶቹ ከቀሚሳቸው እኩል የሚጨነቁት ለፀጉራቸው ነው።

ስለ ቅቤ

ቅቤ የተቀባ ራስ ለብዙ ጊዜ የመሳቂያ ርእስ ሆኖ ኖሯል። በከተማ ቀልድ ውስጥ ባላገሩ የሚታወቀው በቅቤው ሽታ ነው። ቀልዱን የሚደግሙት ግን ቅቤው ለምን እንደሚቀባ የጠየቁ አይመስሉም።

የሳይንሱ መልስ ይህ ነው። ጥቅልል ፀጉር ከሚበቅልበት ጉድጓድ ጀምሮ ጠማማና ጠፍጣፋ ነው። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ በቀጥ ያለ ፀጉር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ በቀላሉ ሲወርድ፣ በጥቅልሉ ላይ ግን በየእጥፋቱ እየተያዘ ጫፉ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ጥቅልል ፀጉር በተፈጥሮው ይደርቃል፤ ሲደርቅ በየእጥፋቱ ይሰበራል። መድኀኒቱ ከውጭ ወዝ መስጠትና እርጥበቱን መጠበቅ ነው። በደጋ ብርድና ነፋስ፣ በቀትር ፀሐይ የምትውል የጋይንት ሴት ለጋ ቅቤ ከተወቀጠ አደስ ጋር ለውሳ ራሷን የምታርሰው፣ ከዚያም ጎንጉና በሻሽ የምትሸፍነው ይህንኑ ለማድረግ ነው። ቅቤው ወዝ ነው፤ አደሱ ሽታ ነው፤ ሹሩባው ከመጠላለፍና ከመሰበር መጠበቂያ ነው፤ ሻሹ እርጥበት ማቆያ ነው። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ያገሩን ልብስ ለብሶ፣ ባዶ እግሩን ሄዶ፣ ራሱንም እንዳገሬው ቅቤ ተቀብቶ ነበር። በዚያ አየር የኖረ ሰው ጥቅሙን ከተቀባው በላይ የሚያስረዳው አይፈልግም።

ከዚህም በላይ ጥቅልል ፀጉር ራሱ የተፈጥሮ ጥላ መሆኑን በቅርቡ የተደረገ ምርምር አረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2023 ቲና ላሲሲና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ በሙቀት መለኪያ አሻንጉሊት ራስ ላይ ከሰው ፀጉር የተሠሩ ቀጥ ያለ፣ መጠነኛ ጥቅልልና ጥብቅ ጥቅልል ፀጉሮች ተደፍተው ከፀሐይ በሚመጣ ሙቀት ተፈትነዋል። ራስን ከፀሐይ ግለት አብልጦ የጠበቀው ጥብቅ ጥቅልሉ ሆኖ ተገኘ። «ከርዳዳ» ተብሎ የተሰደበው ፀጉር እንግዲህ የሰው ልጅ አንጎሉን ይዞ በሐሩር ምድር ቀና ብሎ እንዲሄድ ከረዱት ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሲባል ግን ነባሩ ሁሉ ያለ እንከን ነው ለማለት አይደለም። ባህልን መውደድ ጉድለቱን መሸፈን አይሆንም። ከመጠን በላይ ተስቦ የተጎነጎነ ሹሩባ ከግንባር ዳርቻ ያለውን ፀጉር ከሥሩ ይነቅላል፤ ለዓመታት ከተደጋገመ ተመልሶ የማይበቅል መላጣ ያስከትላል። ሳይታጠብ በላይ በላዩ የተቀባ ቅቤ አቧራ ይይዛል። በአንድ ምላጭ ብዙ ሕፃናትን መላጨት የራስ ጭርትንና ሌላም በሽታ ያዛምታል። ልብስ ማጠቢያ ሳሙና ፀጉርን ወዝ አሳጥቶ ያደርቃል። መምህሩ በዚህ ረገድ ብዙ ሊሠራ ይችላል፤ ፀጉር በአግባቡ ታጥቦ፣ ገና እርጥብ ሳለ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥር እንዲበጠር፣ ሹሩባው እንዲላላ፣ ምላጩ ለየራስ እንዲሆን ማስተማር ይቻላል። ንጽሕናን ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ በንጽሕና ስም የልጅን ፀጉር መናቅ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ በብዙ ሰው አስተሳሰብ ተቀላቅለው ይገኛሉ።

የንጉሡ ፀጉር

የፀጉር ነገር ቀላል ነው የሚል ካለ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ያስታውስ።

ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን ለቅቀው፣ በጋፋት የተሠሩ መድፎቻቸውን ሴባስቶፖልን ጨምሮ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እየጠረጉ ጋይንትን አቋርጠው በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ተጓዙ። ጉዞው ወራት ፈጀ። አይተው የጻፉላቸው የውጭ ሰዎች ንጉሡ ፀጉራቸውን በወፋፍራም ሹሩባ ወደ ኋላ ጎንጉነው እንደነበር መስክረዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው ወደቁ። ያን ጊዜ ያሸነፈው ጦር ወታደሮች ከልብሳቸውና ከፀጉራቸው ለማስታወሻ እየቆረጡ ወሰዱ። ቤተ መጻሕፍቱና ግምጃ ቤቱ ተዘርፎ 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ ያስፈለገው ጭነት ሆነ። ከዚያ ሁሉ ዝርፊያ ውስጥ እጅግ ትንሹ፣ በሚዛንም ከምንም የማይቆጠረው፣ የሹሩባቸው ቁራጭ ነበር።

ከዚያ ፀጉር ሁለት ዘለላ እ.ኤ.አ. በ1959 ለንደን በሚገኘው የብሔራዊ ጦር ሙዚየም ገባ፤ የሰጡትም የንጉሡን አስከሬን የሣለው የጦር መኮንን ቤተሰቦች ነበሩ። ኢትዮጵያ ባቀረበችው ጥያቄ መሠረት ሙዚየሙ መጋቢት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ለባህልና ቱሪዝም ሚኒስትሯ ለዶክተር ሂሩት ካሳው አስረክቧል። የሙዚየሙም ምክንያት ፀጉሩ ከንጉሡ አስከሬን ጋር በመቃብራቸው እንዲያርፍ የቀረበው ፍላጎት ነው። በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በ1879 እ.ኤ.አ. በስደት ከሞተውና በዊንዘር ከተቀበረው ከልዑል ዓለማየሁ የተቆረጠ ፀጉር፣ ልዑሉን ያሳድግ በነበረው እንግሊዛዊ መኮንን ዘመዶች ቤት ቆይቶ፣ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተመልሷል። የልዑሉ ዐፅም ግን እስከዚያ ጊዜ ድረስ የቀረበው ጥያቄ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀርቷል።

ታዲያ አንድ ሕዝብ 151 ዓመት ቆይቶ ለመጣ ለጥቂት ዘለላ ፀጉር እንባውን ሲያፈስስ፣ እንዲህ ያለውን ሹሩባ በሕያው ራስ ላይ ሲያይ «ባላገር» ብሎ ቢያፌዝ ይህ እንዴት ያለ ሎጂክ ነው? የኪነ ጥበቡም ጉድለት ከዚህ ይጀምራል። ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ የለም፤ ስለዚህ የሚታወቀው መልካቸው የሠዓልያን፣ የደራስያንና የተዋንያን ሥራ ነው። በተውኔትም ሆነ በልብ ወለድ፣ በብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ም ሆነ በአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» የተነሣሣው አንባቢ ንጉሡን በዓይነ ሕሊናው ሲያይ ሹሩባቸውን አብሮ ያያል። ሥዕሉም ሐውልቱም ያለዚያ ሹሩባ አይቆምም። በአማርኛ ኪነ ጥበብ የአገርን ክብር በፀጉር ላይ ያስቀመጠ ሥራ ቢፈለግ ይህ የንጉሡ ምስል ነው።

ነገር ግን ክብሩ ከንጉሡ ራስ ሳይወርድ ቀረ። ሹሩባው የታሪክ ልብስ ሆኖ ለመድረክ ብቻ ቀረ፤ ተዋናዩ ከመጋረጃው በስተኋላ አውልቆት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ንጉሡን በሹሩባ አቅርቦ እቴጌይቱን በተተኮሰ ፀጉር የሚያወጣ አዘጋጅ ቢኖር፣ ስሕተቱ የአልባሳት ስሕተት ብቻ አይደለም። ወንዱ የታሪክ፣ ሴቷ የገበያ ናት የሚል ፍርድ ሳያስበው ሰጥቷል። እንደዚሁም በድራማ ውስጥ ድንቁርናን ለማሳየት የባላገር ሴትን ፀጉር አንጨብርሮ ማውጣት፣ ሥልጣኔን ለማሳየት ደግሞ ፀጉርን አለስልሶ ማቅረብ የተለመደ የአቋራጭ መንገድ ሆኗል። ተመልካቹ ያለ ምንም ንግግር ትምህርቱን ይቀበላል፤ ሳይነገር የሚገባ ትምህርት ደግሞ ከሚነገረው ይልቅ ሥር ይሰድዳል።

ዞማና ከርዳዳ

ጥፋቱን ሁሉ ከባሕር ማዶ በመጣ ነገር ላይ መደፍደፍ ቀላል ነው፤ እውነት ግን አይሆንም። በአማርኛ ዘፈንና ቅኔ የሚወደሰው ፀጉር ከጥንት ጀምሮ ዞማ ነው፤ ሉጫ ነው፤ ትከሻ ላይ የሚፈስሰው ነው። ከርዳዳ የሚለው ቃል ግን ከስድብ በቀር ሲያገለግል አይሰማም። ቃሉ ብቻውን አልኖረም፤ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥና ይለወጥ በነበረበት ዘመን «ባሪያ» ከሚለው ቃል ጋር ተጎራብቶ ነው የኖረው። የጌታው ቤት ልጅ መልኩንና ፀጉሩን እያስመዘነ ዘሩን ሲቆጥር፣ የባርነት ቀንበር የተጫነበት ወገን በፀጉሩ ጭምር ይዋረድ ነበር። ባርነትን በሕግ የሻረው ዐዋጅ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. ወጥቷል። ሕጉ ሰውየውን ነጻ ሲያወጣ ቃሉን ነጻ አላወጣውም። ቃላትን ነጻ ማውጣት የዐዋጅ ሳይሆን የደራሲ፣ የባለቅኔና የመምህር ሥራ ነበር፤ ይህ ሥራ ሳይሠራ ውሎ አድሯል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዞማም ያገር ፀጉር ነው። በአንድ ቤት፣ ከአንድ እናት የተወለዱ ልጆች አንዱ ዞማ፣ አንዱ ጥብቅ ጥቅልል ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ መፍትሔው ዞማን ከዙፋኑ አውርዶ ከርዳዳን መሾም አይደለም። ዙፋኑን ማንሣት ነው። አንዱ ፀጉር «መልካም»፣ ሌላው «መጥፎ» የሚባልበት ሚዛን እስካለ ድረስ፣ በሚዛኑ ላይ ማን ቢወጣ ማን ቢወርድ በደሉ ያው ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በዚህ ረገድ ሁለት ዓይነት ምስክርነት ይሰጣል። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ጣራውን ቀና ብሎ ሲያይ፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው የሚመለከቱት የመላእክት ፊቶች ፀጉራቸው ጥቁርና ራሳቸውን የከበበ ነው። ሠዓሊው ሰማይን ሲያስብ የጎረቤቱን ልጅ ራስ ሥሏል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ፣ በተለይም በ20ኛው ምእት ዓመት እ.ኤ.አ.፣ በማተሚያ ቤት የተባዙ የአውሮፓ ሥዕሎች በገበያው ሲሠራጩ፣ ወርቃማና ሞገዳም ፀጉር ያላቸው መላእክት በየቤቱ ግድግዳ ተሰቀሉ፤ ብዙ ሠዓሊም እነሱን ይገለብጥ ጀመር። ምእመኑ አልተጠየቀም፤ ሰማይ ግን በግድግዳው ላይ ፀጉሩን ለወጠ። አንዲት ሕፃን ጧት ማታ የምትሳለመው ምስል የእርሷን ፀጉር የማይመስል ከሆነ፣ ከፊደል በፊት የተማረችው ነገር አለ።

ጎፈሬ አፍሮ ሆኖ ሲመለስ

በ1960ዎቹ ዓ.ም. የከተማው ወጣት ፀጉሩን አሳድጎ፣ አክብቦ፣ በማበጠሪያ አንሥቶ በኩራት ይታይ ጀመር። ስሙንም «አፍሮ» አለው። አያቱ በዱር የያዘው ጎፈሬ ያው ራሱ ነበር፤ ግን በአያቱ ስም አልጠራውም። የአያቱ ጎፈሬ ኋላ ቀርነት፣ አፍሮው ግን ዘመናዊነት ሆነ። ጎፈሬ ከበሬታ ያገኘው ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ስሙን ለውጦ ሲመለስ ብቻ ነው። ለራስ ሀብት ማረጋገጫ ከሌላ መጠበቅ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ያም ሆኖ ከማዶ የመጣው ነገር ክብር ይገባዋል። በአሜሪካ የጥቁር ሕዝብ ትግል ፀጉርን የትግሉ አንድ ግንባር አድርጎታል። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1962 ኒው ዮርክ ሀርለም ውስጥ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ኩዋሜ ብራትዌትና ጓደኞቹ ፀጉራቸውን ያላለሰለሱ ጥቁር ሴቶችን በመድረክ አቅርበው «ጥቁር ውብ ነው» የሚለውን ሐሳብ በዓይን እንዲታይ አድርገዋል። ትግሉ ዛሬም አላበቃም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2016 በደቡብ አፍሪካ የፕሪቶሪያ የሴቶች ትምህርት ቤት ተማሪዎች በተፈጥሮ ፀጉራቸው ምክንያት የሚደርስባቸውን ተግሣጽ በመቃወም ተነሥተዋል። የካሊፎርኒያ ግዛት በሐምሌ ወር 2019 እ.ኤ.አ. በፀጉር ዓይነትና አሠራር ሰበብ በሥራና በትምህርት ቤት ማዳላትን የሚከለክል ሕግ አጽድቋል። ሹሩባ መሥራት መብት መሆኑ በሕግ እስኪጻፍ ድረስ የተዋጉ ሰዎች አሉ፤ በጋይንትና በእስቴ ግን ሹሩባ ማንም ሳይከለክለው በሐፍረት ብቻ ሊጠፋ ይችላል። ሐፍረት ከሕግ ይልቅ ጸጥ ያለ ከልካይ ነው።

«ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚለው ተረት ለከተማው ፀጉር ቤት የተነገረ ይመስላል። ፀጉርን ቀጥ የሚያደርገው ኬሚካል በብዙ ዓይነቱ ሳሙና የሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ፣ በኬሚስቱ አጠራር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ሥራውም የፀጉርን ጥቅልልነት የያዘውን ውስጣዊ ማሠሪያ መበጠስ ነው። ማሠሪያው ሲበጠስ ፀጉሩ ይተኛል፤ ግን ይደክማል። ቆዳ ከነካ ያቃጥላል። ፒያስትራውም በሙቀቱ በየጊዜው ሲደጋገም ፀጉሩን ይሰባብራል። በአሜሪካ ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን 11 ዓመት ገደማ ተከታትሎ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ማለስለሻ ተጠቅመው የማያውቁ ሴቶች እስከ 70 ዓመት ዕድሜያቸው በማሕፀን ካንሰር የመያዛቸው ዕድል ከመቶ 1.64 ሲሆን፣ አዘውትረው የሚጠቀሙት ግን ከመቶ 4.05 እንደሆነ አሳይቷል። ጥናቱ ዝምድናውን እንጂ መንሥኤነቱን በቁርጥ አላረጋገጠም፤ ይሁን እንጂ ለማሰብ በቂ ነው።

የኪነ ጥበብ ሰው ኃላፊነት

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። «ራስ የባለቤቱ ነው፤ ሴት ፀጉሯን ብታለሰልስም፣ ብትላጭም፣ ዊግ ብትደፋም ሐያሲው ምን አገባው?» ይባላል። ተቃውሞው ትክክል ነው። ሴትን ስለ ሹሩባዋ የሚያሳፍራትና ስለ ተተኮሰ ፀጉሯ የሚወቅሳት ሁለቱም አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ራሷን ከእርሷ ወስደው የራሳቸው ሐሳብ ማሳያ ሊያደርጉት ይሻሉ። በባህል ስም የሚደረግ ግዳጅ ባህሉን ያስጠላል እንጂ አያስወድድም። ጉዳዩ ምን ታድርግ የሚለው አይደለም፤ ስትመርጥ በፊቷ ምን ምን ቀርቦላታል የሚለው ነው። አንዱ መንገድ በዘፈን፣ በሥዕልና በመድረክ አምሮ፣ ሌላው ተሰድቦ ከቀረበ ምርጫ ተደረገ ማለት አይቻልም። የሐያሲው ክርክር ከሴቲቱ ጋር ሳይሆን ምርጫዋን አስቀድሞ ከመረጠላት ሥራ ጋር ነው።

ስለዚህ የሚጠበቀው መፈክር አይደለም። ስለ ሹሩባ ክብር ግጥም ጽፎ በበዓል ቀን ማንበብ ነገሩን አያቀናውም፤ እንዲያውም ሹሩባን የበዓል ጌጥ ብቻ አድርጎ ከዕለት ኑሮ ያርቀዋል። የሚጠበቀው ቀላልና ከባድ ነገር ነው። ደራሲው ባለታሪኩ ዶክተር፣ ዳኛ ወይም መሐንዲስ በሆነች ጊዜ ሹሩባ እንዳላት ሳያጋንን፣ ሳያስረዳም ይጻፍ። ባለቅኔው «ሐር የመሰለ» የሚለውን የተዋሰ ምሳሌ ትቶ፣ ጥቅልል ፀጉር በእውነት ምን እንደሚመስል ይይ፤ የደመና ጠርዝ ነውን? የጥድ ጫካ ነውን? ገና የተባዘተ ጥጥ ነውን? ቋንቋው ያልተነካ መሬት አለው። ሠዓሊው ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ቀና ይበል። የተውኔት አዘጋጁ ድንቁርናን ከፀጉር ሌላ በምን እንደሚያሳይ ይጨነቅ፤ ያ ጭንቀት ተውኔቱን ያሻሽለዋል። መምህሩ በክፍሉ ውስጥ «ከርዳዳ» የሚል ስድብ ሲሰማ እንደ ቀልድ አይለፈው። በየወረዳው ባህልን እንዲያጠና የተመደበው ባለሙያም ጭፈራውንና አልባሳቱን ሲመዘግብ፣ በነፋስ መውጫ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ የሚኖሩ አረጋውያት የሹሩባውን ዓይነት፣ ስሙንና ትርጉሙን ይዘውት ሳይሄዱ ይመዝግብ።

በጋይንት ደጋ አንዲት እናት ልጇን ከጉልበቷ ሥር አስቀምጣ የምትሠራላት ሹሩባ ከቴዎድሮስ ራስ ከተቆረጠው የተለየ ሥራ አይደለም። አንደኛው በሙዚየም መዝገብ ገብቶ፣ በመንግሥታት መካከል ተጠይቆ፣ ባሕር ተሻግሮ ተመልሷል። ሁለተኛው አልተወሰደም፤ ዛሬም በሕያው ጣት እየተጎነጎነ ነው። ያንን ለማስመለስ 151 ዓመት ፈጅቷል። ይህን ላለማጣት የሚያስፈልገው ግን ልጅቱ ነገ ከተማ ስትገባ፣ በምታነበው መጽሐፍ፣ በምታየው ሥዕልና በምትመለከተው መድረክ ላይ ፀጉረ ልውጥ ሆና ራሷን አለማግኘቷ ብቻ ነው።